ትምህርት ቤቱ ሲወስን ወላጅ የት ነው? ለድሬዳዋ ወላጆች የተጻፈ መመሪያ

በከተማችን የወላጆች ስብሰባ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። መዋጮው ተተምኗል፣ የፈረቃው ሰዓት ተለጥፏል፣ አጥሩን የሚሠራው ሰው ተመርጧል። ወላጅ የሚጠራው እንዲያጨበጭብና እንዲፈርም ነው። ሪፖርቱ ተነቦ ሲያበቃ «አስተያየት ያለው?» ይባላል። ሁለት አባቶች ተነሥተው መምህራኑን ያመሰግናሉ፣ አንዲት እናት ልጇ መጽሐፍ እንዳልደረሰው ትናገራለች፣ ሰውም ወደየቤቱ ይበተናል። ይህ እንዲቀየር ከልቤ እፈልጋለሁ፤ ሲቀየርም አይቻለሁ።

የምኖረው ሳቢያን ነው። በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ንብረት ክፍል እሠራለሁ። ሴቷ ልጄ ስምንተኛ ክፍል፣ ወንዱ አራተኛ ክፍል ናቸው፤ ሁለቱም የሚማሩት በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በዚያው ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል ነኝ። የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም፤ የምጽፈው በሥራዬ ስለ ገቢና ወጪ የማውቀውንና በኅብረቱ ውስጥ ያየሁትን ነው። ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህንን ነው፦ ወላጅ በትምህርት ቤት ውሳኔ ላይ ድርሻ የሚኖረው ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ሲደርስ፣ የሌሎች ወላጆችን ድምፅ ይዞ ሲመጣና የተባለውን በጽሑፍ ሲያስይዝ ነው። በስብሰባው ቀን መጮህ ለአንድ ቀን ያስተነፍስ ይሆናል እንጂ በጀት አያዛውርም።

በልመና አትግቡ

ብዙ ወላጅ ወደ ርእሰ መምህር ቢሮ የሚገባው ጥፋት እንደተገኘበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንዳይባል ይፈራል። ግን ተጠርቷል እኮ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ያልተማከለ እንዲሆንና ኅብረተሰቡ እንዲሳተፍበት መንገድ ከፈተ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ደግሞ የወላጅ መምህር ኅብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሥራቸው ምን እንደሆነ ዘረዘረ። ኋላ ላይ ተማሪዎችም ገቡበትና ዛሬ ወተመህ የምንለው ሆነ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የምንሠራበት የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራምም አራት ዓበይት ርእሰ ጉዳዮች አሉት፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። አራተኛው የእኛ ነው። እንግዲህ ርእሰ መምህሩ ሲያማክራችሁ ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም፤ እናንተም ስትጠይቁ ድንበር እየጣሳችሁ አይደለም።

ይህን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ውሳኔ የት እንደሚወሰን ማወቅ ደግሞ ሌላ። የመምህራን ደመወዝና ቅጥር፣ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤቱ በላይ ያሉ ጉዳዮች ናቸው። በእነዚህ ርእሰ መምህሩን ብታስጨንቁት የሚሰጣችሁ ነገር የለውም። በግቢው ውስጥ የሚወሰኑት ግን ብዙ ናቸው፤ የዓመቱ ዕቅድ፣ የድጎማው ገንዘብ አጠቃቀም፣ የውስጥ ገቢው፣ የፈረቃ ድልድሉ፣ የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ሰዓት፣ የመጸዳጃ ቤቱና የውኃው ነገር፣ መዋጮው። የልጃችሁን ቀን የሚያከብዱትም የሚያቀልሉትም እነዚህ ናቸው።

አንድ ድንበር ግን እኔም አጥብቄ እጠብቃለሁ። መምህሯ ትምህርቱን በምን ዘዴ እንደምታስረዳ፣ ለማን ስንት ማርክ እንደምትሰጥ የእሷ ሙያ ነው። ቅሬታ ካለ የፈተናው ወረቀት እንዲታይ ይጠየቃል እንጂ ወተመህ ተሰብስቦ ማርክ አይጨምርም። ወላጅ እዚህ ውስጥ እጁን ባስገባ ቁጥር ጥሩ መምህራን ከወላጅ ይሸሻሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዕቅድም የሚያማክረን አናገኝም።

ጊዜው ግንቦት ነው

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚያረቁት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ነው። መስከረም ላይ ጠቅላላ ስብሰባ ስንጠራ እጃችን የሚገባው ያለቀ ዕቅድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ወላጆች በየዓመቱ በመስከረም ይቆጣሉ፣ በጥቅምት ይረሳሉ።

ስለዚህ ግንቦት ላይ ተነሡ። ትምህርት ቤቱ የግለ ግምገማ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልሠራ ሲሠራ ወላጆች እንዲገኙበት አሳስቡ። የመሻሻል ፕሮግራሙ ራሱ ትምህርት ቤቱ ድክመቱን ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከወላጆች ጋር ሆኖ እንዲመረምር ይጠይቃል፤ የሦስት ዓመቱ ስልታዊ ዕቅድም ሆነ የየዓመቱ ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ ምርመራ ነው። በሰኔ ረቂቁን እዩ። መስከረም ላይ የጸደቀውን ከረቂቁ ጋር አስተያዩ። ጥር ላይ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ፣ ምን ያህሉ እንደተሠራ ሪፖርት ጠይቁ። ጥርን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን እሱን ነው። ገና ያልወጣ ገንዘብ ስላለ የተበላሸውን ማቃናት ይቻላል። ሰኔ ላይ የሚቀርብ ሪፖርት ለመዝገብ ነው።

የምትጠይቋቸው ወረቀቶች

ባዶ እጁን የሚጠይቅ ወላጅ የሚያገኘው መልስ «እየተሠራበት ነው» የሚል ነው። ወረቀት በስሙ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ወረቀቱን ያገኛል፤ ወይም አለመኖሩን ያረጋግጣል፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

መጀመሪያ የኢንስፔክሽኑን ውጤት ጠይቁ። የመንግሥትም የግልም ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ደረጃውን ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ ከኋላው ያለውን ግብረ መልስ አንብቡ። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ አመራሩ በየራሱ ተመዝኖ ተጽፏል። የእኛን ሳነብ ውኃና መጸዳጃ ቤት ላይ የተሰጠው አስተያየት ልጄ ቤት መጥታ ከምትነግረኝ ጋር አንድ ነበር። ሴቷ ልጄ ትምህርት ቤት ውኃ እንዳትጠጣ ራሷን ትከለክል ነበር፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ ስለማትፈልግ። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ሁለተኛው ዓመታዊ ዕቅዱ ከነበጀት ድልድሉ ነው። ደመወዙን መንግሥት ስለሚከፍል በትምህርት ቤቱ እጅ የሚገባው ገንዘብ ትንሽ ነው። ከአጠቃላይ የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ጋር የመጣውና በተማሪ ቁጥር የሚሰላው ድጎማ አለ፤ የውስጥ ገቢ አለ፣ ለምሳሌ የመምህራን ክበቡ ወይም የአዳራሹ ኪራይ፤ የወላጅ መዋጮ አለ። ሦስቱን ለየብቻ ጠይቁ። ተደባልቀው ሲቀርቡ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚል ስም አንድ ድምር ይሆኑና ከየት መጥተው የት እንደገቡ የሚያውቅ አይኖርም።

ሦስተኛው የገቢና የወጪ ማስረጃው ነው። እዚህ ላይ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ። ወላጅ ገንዘብ ሲከፍል የገንዘብ ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 64፣ ሊቆረጥለት ይገባል። ስም በተጻፈበት ሉህ ላይ ፈርሞ መሄድ ደረሰኝ አይደለም። ዕቃ ሲገዛ የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማ ከሦስት ነጋዴዎች ይሰበሰባል፤ ከዚያ ዕቃው ትምህርት ቤቱ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከግምጃ ቤት ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። ይህን ያህል ካወቃችሁ «ሃምሳ ወንበር ተገዝቷል» የሚል ሪፖርት ሲነበብ ልትከተሉት ትችላላችሁ፦ ሞዴል 19 አለ? ወንበሮቹ የት ክፍል ገቡ? ይህን መጠየቅ ማንንም ሌባ ማለት አይደለም። በእኛ ፋብሪካ አንድ ኩንታል ዱቄት ያለዚህ ወረቀት ከበር አይወጣም፤ የሚቀየመም የለም። ሥራውን በትክክል የሚሠራ ገንዘብ ያዥ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይወዳል፤ ንጽሕናው የሚታወቅለት በዚያ ነውና።

በእኛ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ረቂቅ ዕቅድ ውስጥ የፊት ለፊቱን አጥር ቀለም መቀባትና ለቢሮ ጠረጴዛ መግዛት ከላይ ተጽፈው ነበር። ውኃ አምስተኛው ገጽ ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ተጨምሮበት ተቀምጧል። ከጥቂት እናቶች ጋር ሆነን የኢንስፔክሽኑን ግብረ መልስ ከዕቅዱ ጎን አስቀምጠን አነበብን። ርእሰ መምህሩ ልበ ቀና ሰው ነው፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲያይ ብዙ አልተከራከረም። ቀለሙ ተላልፎ ሮቶ ተገዛ፤ ከሴቶች መጸዳጃ ቤት አጠገብ በብረት መቆሚያ ላይ ተሰቀለ፤ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧም ተዘረጋ። አጥሩ አሁንም ቀለሙ የለቀቀ ነው፤ አላፍርበትም።

ሰው ሰብስቡ፤ ከስብሰባው በፊት

አንድ ወላጅ ብቻውን ሲናገር «የእሷ ልጅ ጉዳይ» ይባላል። ብዙ ወላጆች አንድ ነገር ሲናገሩ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከስብሰባው በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።

ወላጅ ትምህርት ቤት አይመጣም እያሉ የሚያማርሩ መምህራን አሉ። ወላጁ ግን ይገናኛል፤ ትምህርት ቤት አይሁን እንጂ እድር ላይ፣ በሐረሪዎች ዘንድ አፎቻ ላይ፣ በመስጊድ ደጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ይገናኛል። እኔ ስለ ውኃው ጉዳይ መጀመሪያ የተናገርኩት እድራችን የወር መዋጮ ሲሰበስብ ነው። ሊቀ መንበሩን አባባን አስፈቅጄ ጥቂት ደቂቃ ተናገርኩ፤ በዚያው የአሥራ አራት ቤት ወላጆች ስም ያዝኩ። ባለ ባጃጆችም ትልቅ ኃይል ናቸው። ልጆችን በወር ክፍያ የሚያመላልስ ባለ ባጃጅ የየቤቱን እናት ስልክ ያውቃል፤ ወረቀት በልጅ እጅ ከመላክ ይልቅ በእሱ በኩል መላክ ይሻላል።

ከሚመጣው ወላጅ ይልቅ የማይመጣውን ፈልጉ። አባት ጅቡቲ ለሥራ ሄዶ ልጁን አያት የምታሳድግበት ቤት በከተማችን ብዙ ነው። አያቲቱ «ወላጅ ይምጣ» ሲባል እሷን የሚመለከት አይመስላትም። ሄዳችሁ ንገሯት፦ አሳዳጊ ወላጅ ነው፤ ድምፅም አለው።

ስለ ቀኑ ደግሞ እንነጋገር፤ ብዙ ስብሰባ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቢጠራ ገበያ የምትውል እናት አትመጣም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት ነው። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ሙቀቱ አዳራሽ አያስቀምጥም፤ ከተማውም ሱቁን ዘግቶ ያርፋል፣ ብዙው አባወራ በርጫ ላይ ነው። ለእኛ የተስማማን እሑድ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ በረመዳን ወር ግን የአፍጥር ዝግጅት ስለሚነካ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ወደ ረፋዱ እናመጣዋለን። የእናንተን ሰፈር እናንተ ታውቃላችሁ። ብቻ ቀኑን ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይወስን፤ ቀኑን የሚወስን ሰው ማን እንደሚመጣም ወስኗል።

ቋንቋ ያጣ ወላጅ

በድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ልጁን በየትኛውም ቋንቋ ያስተማረ ትምህርት ቤት ወላጁን በአማርኛ ብቻ ሰብስቦ «ተወያይተናል» ማለት የለበትም።

የፈረቃውን ስብሰባ ልንገራችሁ። ክፍል ስለማይበቃ ትምህርት ቤታችን በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። የታችኛው ክፍል ልጆች ከሰዓት ነበሩ፤ ምክንያቱ ትልልቆቹ ለፈተና ስለሚዘጋጁ ጠዋቱ ይሰጣቸው የሚል ነው። አሳማኝ ነው፤ እኔም የስምንተኛ ክፍል እናት ስለሆንኩ ተስማምቼበት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ በኩል በግድግዳው ጥግ አንዲት አያት ተቀምጠዋል፤ ቢጫ ሻርፕ ለብሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው። ከገጠሩ ቀበሌ ወደ ከተማ የገቡ ናቸው፤ የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ጉዳዩ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል አንድ ወጣት መምህር ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ የሚሉት አለ?» ብሎ በቋንቋቸው ጠየቃቸው። ተነሡ። እየተናገሩ እሱ እየተረጎመ ይህን አሉ፦ የልጅ ልጃቸው ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከቤት የሚወጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ መንገዱ ላይ አንድ ዛፍ የለም፤ ልጁ ክፍል ሲደርስ ራሱን አሞት ይተኛል፤ መምህሯም ሰነፍ ነው ብላ ጻፈችበት። «ልጁ ሰነፍ አይደለም» አሉ፤ «ጠዋት ፍየል ሲያግድ ሁሉንም ፍየል በስም ይጠራል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ተነሥታ ከ8 ሰዓት በኋላ ክፍሏ ውስጥ ግማሹ ልጅ እንደሚያንቀላፋ መሰከረች፤ ይህን ለዓመታት ስታየው ኖራ የሚጠይቃት እንዳልነበር ተናገረች። ውይይቱ ረጅም ነበር፤ የትልልቆቹ ወላጆችም ተከራከሩ። በመጨረሻ ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት ጠዋት እንዲገቡ፣ ለስድስተኛና ለስምንተኛ ክፍል ደግሞ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ወደ ጠዋት እንዲመጣ ተወሰነ። ማንም ባለሙያ ያላመጣውን ሐሳብ ያመጡት እኒያ አያት ናቸው፤ ያ መምህር ባይጠይቃቸው ኖሮ ዝም ብለው ይሄዱ ነበር።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ስብሰባ አስተርጓሚ ይመደብ። አስተርጓሚው አጠገባቸው ተቀምጦ እያንሾካሾከ ሳይሆን መድረክ ላይ ቆሞ ይተርጉም፤ የተናገሩትም በቃለ ጉባኤው ላይ በስማቸው ይያዝ። እናቶች ከአባቶች ጋር ሲቀላቀሉ የማይናገሩበት ሰፈር ከሆነ መጀመሪያ ለብቻቸው ሰብስቧቸውና ሐሳባቸውን የምታቀርብላቸው ሴት ይምረጡ።

ወላጅ የሚያውቀውን ትምህርት ቤት ላያውቅ እንደሚችል ሌላም ማስረጃ አለን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በየሰፈሩ ውኃው የት እንደደረሰ፣ የትኛውን አጥር እንደጣለ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። በወንዝ ዳር ባለ ትምህርት ቤት አዲስ ክፍል ወይም መጸዳጃ ቤት የሚሠራበት ቦታ ሲመረጥ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት እነዚህ ሰዎች ይጠየቁ። ከሌላ ከተማ ተመድቦ የመጣ ርእሰ መምህር ይህን ከየት ያውቃል?

ስለ ቅጣት

ይህን አጭር አደርገዋለሁ፤ የምከራከርበት ነገር ስላልሆነ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ብሎ ልጁን ለመምህር የሚያስረክብ ወላጅ ዛሬም አለ፤ ልጁን መውደዱን አልጠራጠርም፤ ግን መምህሩን ሕግ እንዲጥስ እየጋበዘው ነው። የሥነ ምግባር ደንቡ ሲረቅ ተገኙ። ያረፈደ ልጅ በር ላይ ይመለሳል ወይስ ገብቶ ይመዘገባል? ደንብ ልብስ የሌለው ልጅ ምን ይደረጋል? ልጅ ከመባረሩ በፊት ወላጅ በስንት ቀን ውስጥ ይጠራል? እያንዳንዱ ይጻፍ። የተማሪ ተወካዮቹም በዚህ ጉዳይ ይናገሩ፤ ልጄ የክፍል ተጠሪ ከሆነች ወዲህ ከእሷ የሰማሁት ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል።

በስብሰባው ላይ

አጀንዳው አስቀድሞ ይድረሳችሁ። «ልዩ ልዩ» በሚል ስር የተያዘ ጉዳይ ሰው ሲደክመው የሚያልፍ ነው፤ የእናንተ ጉዳይ እዚያ እንዳይገባ በስሙ እንዲያዝ አድርጉ። ስትናገሩ ስለ ራሳችሁ ልጅ ጀምራችሁ በራሳችሁ ልጅ አትጨርሱ። የምትፈልጉትን ነገር፣ ገንዘቡ ከየትኛው የዕቅዱ ክፍል እንደሚመጣ፣ መቼ እንዲያልቅ እንደምትሹ ተናገሩ። መምህር ላይ ቅሬታ ካለ በአደባባይ ስም አትጥሩ፤ ቢሮ ገብታችሁ ተነጋገሩ። ተማሪዎቹ ነገ ክፍል ውስጥ የሚያገኙት እሱኑ ነው።

ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ይነበብላችሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ውሳኔው፣ ፈጻሚው፣ የሚያልቅበት ቀን ከተጻፈ በቂ ነው። «ጉዳዩ ወደፊት እንዲታይ» የሚል ከሆነ ማን መቼ እንደሚያየው ይጨመር። ፊርማችሁን የምታኖሩት ከዚያ በኋላ ነው። መዋጮ ከተወሰነም መክፈል የማይችል ቤተሰብ ልጅ ምን እንደሚሆን በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ ገንዘብ ባለመክፈሉ የክፍል በር የተዘጋበት ልጅ እንዲኖር የሚፈቅድ ወላጅ ያለ አይመስለኝም፤ ካልተጻፈ ግን ይደርሳል።

ልጆቻችሁ በግል ትምህርት ቤት ከሆኑም ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ክፍያው ላይ ነው። የጭማሪ ወሬ ስትሰሙ የምዝገባው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ምክንያቱ በዝርዝር ቀርቦ ከወላጆች ጋር ውይይት እንዲደረግበት በጊዜ ጠይቁ።

ማመልከቻው

በቃል ጠይቃችሁ ካልተሳካ ጻፉ። ረጅም አይሁን። እኛ የተጠቀምንበት እንዲህ ያለ ነው፤ ጉዳዩን ቀይራችሁ ውሰዱት፦

«ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር። ጉዳዩ፦ ዓመታዊ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት የወላጆችን አጀንዳ ስለማስያዝ። እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የሚቀጥለው ዓመት ረቂቅ ዕቅድና የበጀት ድልድል ከመጽደቁ በፊት በጠቅላላ ስብሰባ ቀርቦ እንድንወያይበት እንጠይቃለን። በአጀንዳው እንዲያዙልን የምንፈልጋቸው የመጠጥ ውኃና የሴቶች መጸዳጃ ቤት ጉዳይ፣ የታችኛው ክፍል ፈረቃ፣ ያለፈው መዋጮ የወጪ ዝርዝር ናቸው። ቀኑ ለወላጆች በሚመች ሰዓት እንዲሆንና አስተርጓሚ እንዲመደብ እናሳስባለን። ለተደረገልን ትብብር እናመሰግናለን።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። አንዱን ለጸሐፊዋ አስረክባችሁ በሌላው ላይ የተቀበለችበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱ። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። መልስ ካልመጣ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቢሮ አትሂዱ፤ መጀመሪያ ለወተመህ ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ ለጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለተሰባሰቡበት ማዕከል፣ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ ለቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አቅርቡ። በየደረጃው የቀድሞውን ቅጂ አያይዙ። ከዚያ ወደ ትምህርት ቢሮ ስትሄዱ «ከታች ጨርሳችሁ ኑ» የሚላችሁ አይኖርም።

ቢሮ የምትሄዱት ሦስት ሆናችሁ ይሁን፤ ብቻውን የሄደ ሰው የተባለውን የሚመሰክርለት የለውም። ከሦስታችሁ አንዷ ልጇ አንደኛ ክፍል የሆነ እናት ትሁን፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም በእሷ እጅ ይቀመጥ። የእኔ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ግቢውን ትለቃለች፤ ያቺ እናት ግን ገና ብዙ ዓመት ከፊቷ አለ።